«ባላገር» ስድብ የሆነው እንዴት ነው?

ቃል ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች ሲቆጡ «አንተ ባላገር!» ወይም «ምን ያለው ባላገር ነው!» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የዛሬ ወጣቶች በዚህ ቦታ «ፋራ» ስለሚሉ ስድቡ ከመንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ በታላላቆቻችን አንደበት ግን ገና አለ፤ ሲወረወርም ያማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቃሉ ሲፈታ የሚሰጠው ትርጉምና ስድቡ ፈጽሞ አለመገናኘታቸው ነው። «ባለ አገር» ማለት አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። አገር ያለው ሰው እንዴት የሚናቅ ሰው ሆነ? ቃሉ ወደ ስድብነት የዞረው በየትኛው ዘመን፣ በማንስ አፍ ነው? ከ«ባለጌ» ጋር የሥር ዝምድና አለው የሚሉም ስላሉ ይህንንም የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ጉዳዩን ከልብ የምጠይቀው ስለሆነ በግምት ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ብትመልሱልኝ እወዳለሁ።

ሰዋስው

ከቃሉ አሠራር ልጀምር። «ባለ» የሚለው የግእዙ «ባዕለ» ነው፤ ባለቤት፣ ጌታ፣ ያዢ ማለት ነው። «ባል» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ዕብራይስጥና ዐረብኛም ይህንኑ ሥር ለጌታና ለባል ይጠቀሙበታል። አማርኛ በዚህ ቃል መነሻነት ብዙ ስሞችን ሠርቷል፤ ባለሙያ፣ ባለሥልጣን፣ ባለቤት፣ ባለጸጋ እያልን እስከ ነገ ልንቆጥር እንችላለን። ተከታዩ ቃል በ«አ» ሲጀምር ሁለቱ አናባቢዎች ይዋጡና አንድ ቃል ይሆናሉ። «ባለ አባት» ባላባት ሆነ፤ አባቱ የሚታወቅ፣ ዘሩ የሚቆጠር ማለት ነው። «ባለ አምባ ራስ» ባላምባራስ ሆነና የማዕረግ ስም ወጣው። «ባለ አገር»ም በዚሁ መንገድ ባላገር ሆነ።

እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው። በአንድ ሥርዓት ተሠርተው፣ በአንድ ዓይነት ኅብረተሰብ ውስጥ ኖረው፣ ሁለቱ የክብር ስም ሲሆኑ ሦስተኛው ወደ ስድብ ወረደ። ስለዚህ የውርደቱ ምክንያት በቃሉ አሠራር ውስጥ አይገኝም። ማን ይናገረው እንደ ነበር፣ ስለ ማን ይናገረው እንደ ነበር መመርመር ያስፈልጋል።

መሪጌታው

ልጄ ሰዋስው የጀመረውን ልቀጥል። ግእዝ ለተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚገርም ነገር አለ። «ሀገር» በግእዝ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የዛሬውን ሰፊ አገር ሳይሆን ከተማን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 11 መልአኩ ለእረኞቹ የጌታን ልደት ሲያበሥር የግእዙ ንባብ «በሀገረ ዳዊት» ይላል፤ አማርኛው ይህንኑ «በዳዊት ከተማ» ብሎ ተርጉሞታል። በጥንታዊው የደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈትም ይኸው ቃል ለከተማ ያገለግል ነበር። እንግዲህ ቃሉን በግእዝ ሚዛን ብንመዝነው «ባዕለ ሀገር» የከተማ ሰው ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ከከተሜው ተቃራኒ ሆኖ ቆሟል።

ይህ የሆነው አማርኛ «ሀገር»ን ሲወርስ ትርጉሙን ስላሰፋው ነው። ትውልድ የኖረበት፣ ርስት የተቆረሰበት፣ የሚታወቅ ድንበር ያለው ምድር «አገር» ተባለ፤ «አገርህ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ ዛሬም ይህንኑ ትርጉም እንይዛለን። ለሰዎች መከማቻ ቦታ ደግሞ ሌላ ቃል መጣ፤ እርሱም «ከተማ» ነው። «ከተመ» ማለት ሠፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ከተማ በአማርኛ አስቀድሞ የጦርና የንጉሥ ሠፈር ነበር፤ ሕንፃና መንገድ ያለው ቋሚ ቦታ መሆኑ በኋላ የመጣ ነው። ቃል ፈላጊ ሆይ፣ መልስዎን የሚያገኙት በእነዚህ በሁለቱ፣ በአገርና በከተማ መካከል ይመስለኛል።

የጎተራ ልጅ

መሪጌታ ትክክለኛውን በር ከፍተውልናል፤ እኔ የታሪኩን በኩል ልሙላ። ጎንደር በ17ኛው መቶ ዘመን ከመቆርቆሯ በፊት ለረጅም ጊዜ የነገሥታቱ መቀመጫ ተንቀሳቃሽ ሠፈር ነበር። በ1520ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ያየው ንጉሣዊ ከተማ እልፍ አእላፍ ድንኳን የሞላበት፣ ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነሣ ሠፈር ነው። ሠፈሩ አያርስም፤ የሚበላውን የሚያገኘው ካረፈበት ምድር ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ባላገሮቹ ናቸው። ከተማው መጥቶ ይሄዳል፤ ባላገሩ ግን የአገሩ ባለቤት ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ባላገር» የሚለው ቃል አስቀድሞ የሚለየው ተቀማጩን ከመጪው፣ ባለ ርስቱን ከሠፋሪው ነበር። በዚህ ደረጃ ስድብነት የለበትም፤ እንዲያውም መብት አለበት።

ነገሩ የከበደው ግንኙነቱ የበይና የግብር ከፋይ ግንኙነት ስለነበር ነው። ባላገሩ ግብር ያገባል፣ የመንግሥት እንግዳ ሲያልፍ ድርጎ ያቀርባል፣ ወታደር በየቤቱ ተደልድሎ ሲገባበት ደግሞ ያለውን ሁሉ ያካፍላል፤ ሚስቱ ለማታውቀው ሰው ትፈጫለች፣ እርሱም በገዛ ቤቱ ታዛዥ ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ረኀብ በኋላ፣ በፈረንጆች 1892፣ አሥራት እንዲከፈልና ወታደሩ ከጎተራ እንዲቀለብ ያወጁት ይህ ድልድል ገበሬውን ምን ያህል አማርሮት እንደነበር ስለተረዱ ነው። እንግዲህ ለብዙ ዘመን በሰው ቤት ገብቶ የሚያዝ ወታደር ባለቤቱን «ባላገር!» ብሎ ሲጠራ በምን ዓይነት ድምፅ ይጠራው እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። ቃሉ ሳይለወጥ ድምፁ ተለወጠ፤ ድምፁ ደግሞ ቀስ እያለ ትርጉሙን ጎተተው።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነውን «ጨዋ»ን ተመልከቱ። በ15ኛው መቶ ዘመን ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ወታደሮች፣ በየጠረፉ የሚሠፍሩ ጭፍሮች ነበሩ። ዛሬ ግን «ጨዋ» ስንል ትሑት፣ አስተዳደጉ ያማረ፣ የሰው ክብር የሚያውቅ ማለታችን ነው። ሲዘርፍ የኖረው ወታደር ስሙ ለምግባር መለኪያ ሆኖ ሲቀር፣ ሲያበላ የኖረው ባላገር ስሙ ለምግባር ጉድለት ሆነ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ቃላት የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ስድቡ የተወለደው በሠፈሩ ውስጥ ነው።

መሪጌታው

በ«ጨዋ» ላይ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። በቤተ ክህነት ትምህርት «ጨዋ» ያልተማረ፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ቃል በአደባባይ ምስጋና ሲሆን በጉባኤ ቤት ጉድለትን ያመለክታል። ቃል የተናጋሪውን ወንበር ይዞ ይዞራል።

ወይዘሮ ንባብ

የጎተራ ልጅ ያቀረበው ታሪክ ልብ የሚነካ ነው፤ ሆኖም ስድቡ ያን ያህል የቆየ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ጥርጣሬዬንም በማስረጃ ላቅርብ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። በዚያ አዋጅ ውስጥ በዘመኑ ሕዝቡ የሚሰዳደብባቸው ቃላት በስም ተጠርተዋል። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» ይሉት እንደነበር ከአዋጁ እንረዳለን። ገበሬውንስ ምን ይሉት ነበር? «አፈር ገፊ» ነው። ንጉሡ እነዚህን ስድቦች ሁሉ እርሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቆጥሩት ተናግረው፣ ይህን ሰምቶ ያልተመለሰው እንዲታሰር ወስነዋል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የስድብ ዝርዝር በንጉሥ አፍ ሲነገር «ባላገር» በዚያ ውስጥ የለም። ስድብ ቢሆን ኖሮ ከ«አፈር ገፊ» ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው እርሱ ነበር። ስለዚህ በእኔ ግምት «ባላገር» ወደ ስድብነት የዞረው ከዚያ በኋላ፣ አዲስ አበባ ቋሚ ከተማ ሆና፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ፣ ደመወዝተኛ የሚባል አዲስ የኅብረተሰብ ክፍል ሲፈጠር ነው። ያ አዲስ ከተሜ አብዛኛው ራሱ ትናንት ከአገሩ የመጣ ስለነበር ከመነሻው ለመራቅ አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ሌላውን ባላገር ማለት ራስን ከተሜ ማድረጊያ አጭር መንገድ ሆነለት። ወታደሩ ባላገሩን ይበዘብዘው ነበር እንጂ ባላገር ላለመባል አይጨነቅም ነበር፤ የሚጨነቀው አዲሱ ከተሜ ነው።

የጎተራ ልጅ

ወይዘሮ ንባብ፣ አዋጁን ማንሣትዎ ውይይቱን አጠንክሮታል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አዋጁ የተናገረው ስለ ሥራ ነው። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ነጋዴ፣ አራሽ ሁሉም በእጃቸው በሚሠሩት ሥራ ስለተሰደቡ ነው በአዋጁ የተነሡት። «ባላገር» ደግሞ የሥራ ስም አይደለም፤ የቦታና የማኅበራዊ ደረጃ ስም ነው። ባላገር የሆነ ሰው አራሽም፣ ከብት ጠባቂም፣ የራሱ ገባር ያለው ባለ ርስትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሥራ ስድቦች ዝርዝር ውስጥ አለመገኘቱ ስድብ እንዳልነበረ አያረጋግጥም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ከእርስዎ እቀበላለሁ፤ እኔ የገለጽኩት ንቀት በድምፅ ውስጥ ያለ ንቀት ነው፤ እርስዎ የገለጹት ደግሞ በቃሉ ውስጥ የገባ ንቀት ነው። በወታደሩ አፍ «ባላገር» ማለት «አንተ የምታበላኝ» ማለት ነበር። በከተሜው አፍ ግን «አንተ የማታውቅ» ማለት ሆነ። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው የሚፈጠር አይመስለኝም።

ወይዘሮ ንባብ

የሥራና የቦታ ስም ልዩነት ያመጡት ጥሩ ነው፤ የአዋጁን ዝምታ ክብደት ይቀንሰዋል። ቢሆንም ትርጉሙ «የማያውቅ» የሆነበትን ጊዜ በ20ኛው መቶ ዘመን ከተማ ላይ ማኖሬን አልተውም፤ ምክንያቱም ስድቡ ዛሬ ሲነገር የሚጠቅሰው አለማወቅ ሁልጊዜ የከተማ ነገሮችን አለማወቅ ነው። ማንም ሰው ማረስ ስላልቻለ ባላገር ተብሎ አያውቅም።

የተራራው ልጅ

እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም፤ ስድቡን ግን ተሰድቤዋለሁ። በልጅነቴ ከገጠር ወደ አንድ የከተማ ትምህርት ቤት ስገባ በንግግሬ ዘዬ፣ በጫማዬ፣ አስተማሪ ሲጠራኝ ብድግ ብዬ በመቆሜ እንኳ «ባላገር» እባል ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ ስድቡ ድህነትን የሚመለከት አለመሆኑ ነው። ከእኔ የደኸዩ የከተማ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱን ባላገር የሚላቸው አልነበረም። በሌላ በኩል ብዙ ከብትና መሬት ያለው የአጎቴ ልጅ እኔ በተሰደብኩበት ስድብ ተሰድቧል። ስለዚህ ቃሉ የሚለካው ሀብትን አይደለም፤ ሰው ባለበት ቦታ የሚጠበቀውን ሥርዓት ማወቅና አለማወቅን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከጊዜ በኋላ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው ሳይቀር ባላገር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወረፋ ቢጥስ፣ በስብሰባ መካከል ቢጮህ፣ በማያገባው ቢገባ «ባላገር ነገር!» ይባላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እኔ ባደግኩበት አገር ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፣ በሰው መሐል መጮህ ነውር ነው፣ ተራ የሚጥስም አይወደድም። ስድቡ ለባላገሩ የሰጠው ጠባይ ባላገሩ ራሱ የሚጸየፈው ጠባይ ነው።

ታሪክ ወዳድ

ወንድሜ የተራራው ልጅ የተናገረው በሌሎች ሕዝቦችም የደረሰ ነው። በላቲን «ፓጋኑስ» የገጠር ነዋሪ ማለት ነበር፤ በኋላ አረማዊ ማለት ሆነ። «ቪላኑስ» የእርሻ ቦታ ሠራተኛ ነበር፤ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ወራዳ፣ ክፉ ሰው ሆኖ ቀረ። የጽሕፈት መሣሪያ በከተማ ሰዎች እጅ ስለነበረ መዝገቡን የሞሉት እነርሱ ናቸው። የእኛን ልዩ የሚያደርገው ግን በ«ፓጋኑስ» ውስጥ የባለቤትነት ትርጉም አለመኖሩ ነው። እኛ የሰደብንበት ቃል ዛሬም በግልጽ «የአገር ባለቤት» እያለ ይናገራል።

ዳዊት ደጋሚ

ቃል ፈላጊ ከ«ባለጌ» ጋር ስላለው ዝምድና ጠይቀው ነበር፤ እስካሁን የመለሰ የለም። አባቴ ዘወትር «ባለጌ ማለት ባላገር ማለት ነው፤ በአፍ ተቆርጦ ነው እንጂ» ይል ነበር። በድምፅም በትርጉምም ስለሚቀራረቡ እኔም አምኜው ኖሬአለሁ። ሊቃውንት ምን ትላላችሁ?

ሰዋስው

ይህ ጥያቄ በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል፤ ብዙ ሰው የአባትዎን ቃል ያምናልና። በመጀመሪያ «ባለጌ» ሙሉ የግስ ቤተሰብ አለው። ባለገ እንላለን፣ አባለገ እንላለን፣ ብልግና እንላለን፤ ሥሩ ብ-ል-ግ ነው። «ባላገር» ግን ግስ የለውም። ባላገርነት ይባል እንደሆነ እንጂ ከእርሱ የወጣ ድርጊት የለም። ይህ ብቻውን ሁለቱን ይለያቸዋል የሚሉ አሉ።

እኔ ግን ይህ ማስረጃ ብቻውን በቂ ነው አልልም፤ ምክንያቱም አማርኛ በ«ባለ» ከተሠራ ስም ግስ ማውጣት ይችላል። «ባለጸጋ»ን ውሰዱ። ባዕለ ጸጋ፣ የጸጋ ባለቤት ማለት ነው፤ ከዚህ ስም «በለጸገ» የሚል ግስ ወጣ፤ ከግሱም «ብልጽግና» ተገኘ። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ባለገም እንደ በለጸገ ከተጣመረ ስም የወጣ ነው» ቢል መንገዱ ዝግ አይሆንበትም።

መንገዱን የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው። «በለጸገ» ከስሙ የወረሳቸውን ተነባቢዎች ቁጠሩ፤ ብ፣ ል፣ ጽ፣ ግ፤ አንድም አልወደቀም። «ባላገር»ም በዚሁ ሥርዓት ግስ ቢያወጣ «በለገረ» ይሆን ነበር፣ ስሙም «ብልግርና» ይባል ነበር። «ባለጌ» ግን ከ«ር» ምልክት እንኳ የለውም፤ በብዛት ስንናገረው፣ ስናረባው፣ በየትኛውም ቅርጹ «ር» ተመልሳ አትመጣም። በአማርኛ «ር» ከቃል መጨረሻ እንዲህ ዱካ ሳትተው ስትጠፋ አናይም፤ «ነገር»፣ «ዳር»፣ «ክብር» ሁሉ ይዘዋታል። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የተገናኙት በድምፅ መቀራረብ ነው። ሰሚው ስላቀራረባቸው ግን የአንዱ ክፋት ለሌላው ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ «ባላገር» የምግባር ጉድለትን ማመልከቱ በ«ባለጌ» ጎረቤትነት ተባብሶ ቢሆን አይደንቀኝም። የአባትዎ ቃል የሥር ማስረጃ ባይሆንም ሰዎች ሁለቱን እንዴት ይሰሟቸው እንደነበር ያሳያል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ወለተ ሐና

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር አለ። ቃሉ ሁልጊዜ ስድብ አይደለም፤ ስድብ መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስነው ደግሞ የተናጋሪው ስሜት ብቻ ሳይሆን ሰዋስው ነው። «ባላገሩ ዝናብ እየጠበቀ ነው» ቢባል ማንም አይቆጣም። «ባላገሩ ተነሣ»፣ «ባላገሩ ሰማ»፣ «የዚያ አውራጃ ባላገር» ሁሉም ሕዝብን በክብር የሚጠሩ አነጋገሮች ናቸው። በ«ኡ» ድምፅ የሚመጣው አመልካች ሲጨመርበት ቃሉ ብዙኃኑን ይይዛል፣ የቀድሞ ክብሩንም ይመልሳል። አመልካቹ ተነሥቶ አንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ግን፣ «ባላገር ነህ»፣ «ባላገር አትሁን»፣ «አንቺ ባላገር» ሲባል፣ ወዲያው ስድብ ይሆናል። ስለ ራስ ሲነገር ደግሞ እንደገና ይለወጣል፤ «እኔ ባላገር ነኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ ትሕትናን፣ ብዙ ጊዜ ግን ኩራትን ይናገራል።

ለዚህ ነው የጎተራ ልጅና ወይዘሮ ንባብ ሁለቱም ትክክል ሆነው የታዩኝ። ብዙኃኑን የሚጠራው ጥንታዊው ቃል በአዋጅና በዜና መዋዕል ውስጥ ሳይበላሽ ሲኖር፣ በአንድ ሰው ፊት ላይ የሚወረወረው ቃል ጎን ለጎን አድጓል። ንጉሥ በአዋጅ ስድብ ሲከለክል ሕዝቡን ራሱን የሚጠራበትን ቃል በስድብ ዝርዝር ውስጥ ሊያስገባ አይችልም ነበር።

ወይዘሮ ንባብ

ወለተ ሐና፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ከእኔ ክርክርም ከጎተራ ልጅ መልስም የተሻለች ናት። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ታሪክ ወዳድ

ስለ ኋላኛው ዘመን ጥቂት ልበል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመንግሥት ቋንቋ «ባላገር»ን ወደ ጎን ተወው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ የተቋቋሙት ማኅበራት «የገበሬ ማኅበር» ነው የተባሉት። በዚያው ጊዜ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሠማሩ፣ ብዙዎቹ በስድብነቱ ብቻ የሚያውቁት ሰው ቤት ገብተው አብረውት ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ በቢሮና በዜና ውስጥ «አርሶ አደር» የበላይነቱን ይዟል። ቃሉ ጨዋ ነው፤ አርሶ የሚያድር፣ በሥራው የሚኖር ማለት ነው። ነገር ግን ሥራውን ብቻ ይናገራል፤ ባለቤትነቱን አይናገርም። «ባላገር» ውስጥ የነበረው «ባለ» በክብር ስሙ ውስጥ አልተካተተም፤ እኔ በግሌ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ባላገሩ» የቴሌቪዥን ጣቢያና የተሰጥኦ ውድድር መጠሪያ ሆኖ ወጥቷል። ወለተ ሐና ያስተማረችንን እዚህ ላይ ተመልከቱ፤ የተመረጠው አመልካቹን የያዘው «ባላገሩ» ነው። ባዶውን «ባላገር» ቢሉት ተመልካቹ እንዴት እንደሚሰማው ስያሜውን ያወጡት ሰዎች በጆሯቸው አውቀውታል።

የተራራው ልጅ

«ፋራ» በቦታው ተተክቷል ተብሏል። የሚመሳሰሉ ቢመስሉም እኩል አይደሉም። ፋራ የተባለ ሰው ልብሱን፣ አነጋገሩን፣ ውሎውን ለውጦ በጥቂት ጊዜ አራዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚነቀፈው አለመንቃቱ ነው። ባላገር የተባለ ሰው ግን መምጫው ነው የተነቀፈው፤ መምጫ ደግሞ አይለወጥም። ለዚህም ይመስለኛል ያረጀው ስድብ ከአዲሱ ይልቅ ጠልቆ የሚገባው።

ቃል ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅኩት በላይ ተማርኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ፍቀዱልኝ። የድሮ ደብዳቤዎችንና የአቤቱታ ጽሑፎችን አልፎ አልፎ አነባለሁ። በእነዚህ ውስጥ «ባላገር» ሲያጋጥመኝ በየትኛው ትርጉም ልረዳው? በዛሬ ጆሮ ሳነበው ጸሐፊው ራሱን ያዋረደ ይመስለኛል።

መሪጌታው

በዛሬ ጆሮ አያንብቡት። አቤቱታ አቅራቢ «እኔ የዚህ ስፍራ ባላገር» ብሎ ከጻፈ ራሱን እያዋረደ ሳይሆን መብቱን እያስመዘገበ ነው፤ በዚያ ምድር የአባት ርስት አለኝ፣ ግብሬን እከፍላለሁ፣ ስለዚህ ልሰማ ይገባኛል ማለቱ ነው። ከቃሉ አጠገብ ርስት፣ ግብር፣ ድንበር፣ ምስክር የሚሉ ቃላት ካሉ ያለ ጥርጥር በዚህ ትርጉም ይረዱት። ጽሑፉ በሹም ወይም በወታደር የተጻፈ ሆኖ ስለ ባላገሩ የሚያወራ ከሆነ ግን ዐውዱን መመርመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሕዝቡን በጅምላ መጥራቱ ብቻ ይሆናል፤ ንቀት ካለም ከቃሉ ይልቅ በአጠገቡ ባሉት ግሶች፣ በ«ታዘዘ»ና በ«አምጣ» ውስጥ ነው የሚያገኙት። ሲገለብጡት ደግሞ እንደ ተጻፈው «ባላገር» ብለው ይተዉት፤ «ገበሬ» ወይም «አርሶ አደር» ብለው አይለውጡት፤ ሁለቱም ሰውዬው ያለውን አይሉምና።